መስኮት የምከፍትበት ግማሽ ሰዓት

አፉላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

በስልክ ስንገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ ካርዱ እያለቀብን ተቸግረናል፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት ለወሬው ልቆጥበው። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ስለ ሳሏ ጠይቄህ «ትንሽ ናት» ብለህ ጽፈሃል። አምኛለሁ። መጀመሪያም ለማመን ነው የጠየቅሁህ።

ዋና የማታውቅ ሴት መዋኛ ቤት ምን ትሠራለች ብለህ መሳቅህ ደርሶኛል። አልዋኝም። ውሃውን እጠብቃለሁ። ከአፉላ ወጣ ብሎ ያለው ኮሌጅ ለተማሪዎቹ የስፖርት ቤት አለው፤ ከውስጡ ጣሪያ ያለው ትልቅ መዋኛ አለ። ስድስት ዓመት ወለሉን ጠረግሁ። አሁን የፓምፑን ክፍል ቁልፍ ሰጥተውኛል። ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ውሃውን በብልቃጥ ቀድቼ ቀለሙን የማየው እኔ ነኝ። ቁልፉ ትንሽ ነው። ከተሰጠኝ ወዲህ ግን ኪሴን ሳልነካ ሩብ ሰዓት አልቆይም።

የሰጠችኝ ሮተም ናት፤ አዲሷ ኃላፊያችን፣ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ። ዝናብ ካነሰ ወዲህ ሬዲዮው የኪኔሬትን ሐይቅ ከፍታ በየጠዋቱ እንደ በሽተኛ ትኩሳት ይነግረናል። ሮተም ቁጠባ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ወረቀት መሆን የለበትም ትላለች፤ ጠዋት በሩን የሚከፍተው ሰው እጅ ውስጥ መሆን አለበት። ይህን ስትለኝ እጄን ይዛ ነበር። እናም ሻወሩ ሲጫኑት ጥቂት ፈሶ ራሱ የሚዘጋ ሆነ። ማጣሪያው የሚታጠብበት ውሃ ወደ ፍሳሽ መሄዱ ቀርቶ በጋን ተጠራቅሞ ሣሩን ያጠጣል። ማታ መዋኛው ላስቲክ ይለብሳል። ሙቀቱ እንዳይሸሽ መስኮት አይከፈትም። ከሚመጣው ወር ደግሞ ፓምፑ ሌሊት ሌሊት ይተኛል። አቪሻይ የሚባል ቴክኒሻን መጥቶ ሰዓት ይገጥምለታል፤ ሰንበት ሲገባ መብራቱን የሚያጠፋልን ዓይነት ሰዓት።

ነገሩን ወድጄዋለሁ። ውሃ ሲባክን እኔንም ያመኛል።

ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መዋኛው የእኛ ሴቶች ነው። አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም ከጎንደር የመጡ፣ ሁሉም ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ሐኪም ውሃ ውስጥ ተንቀሳቀሱ ቢላቸው አንዷም እሺ አላለችም ነበር። ስንት ወር ለምኛቸዋለሁ መሰለህ። እማማ ሰንበቱን አትረሳቸውም፣ የአባታችንን ጎረቤት። ደረጃው ላይ ቆመው የእግራቸውን ጣት እንኳ አላስነካ አሉ። ውሃውን የምጠብቀው እኔ ነኝ አልኋቸው።

«እንግዲያው አንቺን አምኜ እገባለሁ እንጂ፣ ውሃውስ አይታመንም» አሉ።

ገቡ። አሁን ውጡ ቢባሉ አይወጡም፤ በውሃው ውስጥ እየተራመዱ ሰው ያማሉ። ይህችን ሰዓት ማንም እንዳይነካብኝ ነው የምፈራው። ሌላ የምፈራው የለኝም።

አቻምየለሽ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1995 ዓ.ም.

እታለም፣

ስማችን አልተጠራም። ወደ እናንተ አገር የሚሄዱ ሰዎች ዝርዝር የግቢው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ቁጥር ሰው እየተጋፋ ያነባል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ የሚመለሱትን ሰዎች ፊት ነው የማነበው። ይበቃኛል። እማዬ ደህና ናት። ደህና ናት ካልሁ ደህና ናት፤ ደጋግመሽ አትጠይቂ።

እዚህ ሬዲዮው ጦርነት ሊነሳ ነው ይላል። የጋዝ ጭንብል ሰጧችሁ ወይ? ይህን መልሽልኝ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አንድ መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ማጣሪያ ውስጥ የሠራ ሰው ጡረታ ቢወጣም አፍንጫው ጡረታ አይወጣም። ፓምፑ ሌሊት ይተኛል ብለሻል። መድኃኒቱስ ይተኛል? ክሎሪኑንና አሲዱን ወደ ቧንቧው የሚያስገባው ሰው ነው ወይስ ማሽን? እዚያ አገር ሁሉም ነገር ታስቦበት ይሆናል። የሞኝ ጥያቄ ከሆነ ይቅር በይኝ።

የሻውን ታስታውሽዋለሽ፣ አብሮኝ ይሠራ የነበረውን። ዛሬም ሦስት ደረጃ ወጥቶ ይቆማል፤ ትንፋሹን ሰብስቦ ሌላ ሦስት። የዚያን ቀን ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ይሄይስ

አፉላ፣ ጥር 5 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ጭንብሉ አለ። ለየሰው በካርቶን ተሰጥቶናል፤ አልጋ ሥር ነው የምናስቀምጠው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በዚያኛው ጦርነት አንዱን ክፍል በላስቲክና በፕላስተር አሽገን ስንቀመጥ ሃዳስ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። የጮኸችው ጭንብሉን ስላለበስናት አልነበረም፤ እኛ ለብሰን ፊታችን ስለጠፋት ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቷታል፤ ፕላስተር ገዝቼ ስገባ አይታ «ዳይ፣ እማ» አለችኝ። በዕብራይስጥ በቃ ማለቷ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ትልቅ ነገር አይደለም።

አቪሻይ ሰዓቱን ገጠመ። እንዳትነኪው አለኝ፤ ራሱ ያውቃል። ፓምፑ ማታ አራት ሰዓት ላይ ይተኛል፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ሲነሳ ውሃው በሚገባባቸው ቀዳዳዎች በኩል አረፋ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፤ ከዚያ ያቆማል። ሽታውም የለመድሁት አይደለም። የለመድሁት አፍንጫ ይነካል። ይህ ጉሮሮ ይይዛል። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ላየው ስል ዓይኔ አለቀሰ፤ ቀና ስል ተወኝ።

ስለዚህ በየጠዋቱ ቀድሜ እመጣና መስኮቶቹን ለግማሽ ሰዓት እከፍታለሁ። ሮተም ሳትመጣ እዘጋለሁ። ሙቀት አባክናለሁ፤ አውቃለሁ። እስካሁን ያየኝ የለም።

ስለ መድኃኒቱ የጠየቅኸኝን አይቼ እጽፍልሃለሁ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፤ ማየት ይቻላል። እስካሁን ግን አላየሁም።

አቻምየለሽ

አፉላ፣ ጥር 26 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

መልስህ ገና አልደረሰኝም፤ እኔ ግን ማየቴን ልንገርህ ብዬ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ገባሁ። ትልቁ ፓምፕ ተኝቷል። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ጸጥ ብሏል ስል፣ የሆነ ነገር ቲክ ይላል፤ ይቆያል፤ ደግሞ ቲክ ይላል። የአቪሻይ ሰዓት መሰለኝ። ጆሮዬን ባስጠጋ ሰዓቱ ድምፅ የለውም። ሁለቱ ትንንሾቹ ፓምፖች ናቸው፤ አንዱ ከሰማያዊው በርሜል ክሎሪን፣ አንዱ ከቀዩ አሲድ በቀጭን ቱቦ እየሳቡ ወደ ቧንቧው የሚከቱት። እነሱ አልተኙም።

ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። አንተ ታውቅ ይሆናል።

ሮተም ጠርታኝ ነበር። ቁጠባው አምሮላታል፤ የኮሌጁ ትልልቆች አመስግነዋታል፤ እሷ ደግሞ እኔን። ያላንቺ አይሆንም ነበር አለችኝ፣ ከልቧ ነው። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ፓምፑን አንድ ሰዓት ጨምረን እናስተኛው ትላለች። እንግዲህ የሚነሳው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሊሆን ነው። ሴቶቹ ከሚገቡበት ጋር እኩል። ምን ይመስልሻል አለችኝና ጠበቀች። የእውነት ጠበቀች። የሽታው ነገር ምላሴ ላይ ነበር።

«በሴዴር» አልኋት። እሺ ማለት ነው፤ ደህና ነውም ማለት ነው። በዚህ አገር አሥራ ስምንት ዓመት የኖርሁት በዚህች ቃል ነው።

ለምን አልተናገርሽም ትለኛለህ። ብናገር ማሽኑ እስኪታይ እንዝጋ ይባላል። ከሚዘጋው ሰዓት ሁሉ ቀድሞ የማን እንደሚዘጋ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ከቀሩ ደግሞ እማማ ሰንበቱ ተመልሰው አይገቡም።

ዘዴ አበጅቻለሁ። ሴቶቹን ሻወር ላይ አቆያቸዋለሁ። ውሃው እንዳይቋረጥባቸው መጫኛውን በእጄ ይዤ እቆማለሁ፤ አጥብቃችሁ ታጠቡ፣ ሳትታጠቡ ከገባችሁ ውሃው ይበላሻል እላቸዋለሁ። አገር ቤት ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ወደ ሰው የማይቀላቀሉ ሴቶች ናቸው፤ እንዲህ ሲባሉ ለምን ብለው አይጠይቁም። እነሱ ሲታጠቡ መስኮቶቼ ግማሽ ሰዓታቸውን ያገኛሉ። ሰዓቱ ሲለወጥም ይህንኑ አደርጋለሁ።

የምነግራቸው ውሸት ነው። ትንሽ እውነት ስላለበት ይቀለኛል።

አቻምየለሽ

ጎንደር፣ የካቲት 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ሰኞ ማታ

አቻምየለሽ፣

የጥር ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ዛሬ ከቀትር በኋላ አብረው ደረሱኝ። ግቢው በር ላይ ቆሜ አንብቤ በቀጥታ ወደ ቴሌ ሮጥሁ። መስመሩ ተገኘ፤ ድምፅሽን ሰማሁ፤ ወዲያው ተቋረጠ። ሦስት ጊዜ አስሞከርሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። ከዚያ ቴሌ ተዘጋ። የዘመዳችንን የሽባባውን ቁጥር አልያዝሁም፤ ነገ ግቢው ውስጥ የሚያውቀው ሰው እፈልጋለሁ።

ብቻሽን ነሽ ወይ ያልሁሽ ሃዳስ አጠገብሽ ካለች የምለውን በዕብራይስጥ እንድትጽፍልሽ ፈልጌ ነው። ለቴክኒሻኑ እንድታሳዪው። እዚህ ልጻፈው።

ክሎሪንና አሲድ የማይገናኙት መካከላቸው የሚሮጥ ውሃ ስላለ ብቻ ነው። ትልቁ ፓምፕ ሲቆም ውሃው ይቆማል። መለኪያው የቆመ ውሃ ሲያይ መድኃኒት ያነሰ ይመስለዋል፤ ትንንሾቹን ጨምሩ ይላቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ ይጨምራሉ። ሁለቱ እዚያ ቧንቧ ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚያ የሚወለደው ጋዝ ነው። ጠዋት ትልቁ ሲነሳ ያንን ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ መዋኛው ይተፋዋል። አረፋ ያልሽው እሱ ነው።

ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይወጣም፤ ውሃው ላይ ይተኛል። ቆሞ የሚያይ ሰው ላያውቀው ይችላል። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ግን አፉ እዚያው ነው።

አንድ ሰዓት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቢው። መስኮት መክፈት አይበቃም። ሰዓቱን አስነቅዪ። ትንንሾቹ ከትልቁ ጋር በአንድ ሽቦ ይታሰሩ፤ እሱ ሲቆም ይቁሙ። እስከዚያ ማንም እንዳይገባ። ማንም።

ይህ ወረቀት ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ እንደሚቆይ እያወቅሁ ነው የምጽፈው። እጄ ሌላ የሚሠራው የለውም።

ይሄይስ

አፉላ፣ የካቲት 25 ቀን 1995 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት

ወንድም ጋሼ፣

ትናንት ማታ ደወልህ። ያንተ ቀን እሑድ ነው፤ ትናንት ሰኞ ነበር። ሰላምታ አልሰጠኸኝም። ስምንት ዓመት ስንደዋወል ሰላምታ የዘለልህበት ቀን የለም። «ቁጭ በይ» አልኸኝ። ቀጥለህ «ብቻሽን ነሽ ወይ?» አልኸኝ።

ዘጋሁት። ስልኩንም ከግድግዳው ነቀልሁት።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ላለች ሴትማ ጨርሶ አይነገርም። አንተም ታውቃለህ፤ ጨንቆህ ነው። ስዘጋው ገብቶህ ለሽባባው እንደነገርኸው ተስፋ አደርጋለሁ። ዘመዳችን እሱ ነው፤ ሽማግሌ ይዞ ጎሕ ሲቀድ መምጣት ያለበት እሱ ነው። እየጠበቅኋቸው ነው። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው አስጠግቻለሁ። ለሃዳስ ምንም አልነገርኋትም፤ አሟታል ብላ ከመንገድ ስልክ ለሥራ ቦታዬ እንድትነግርልኝ አድርጌ ወደ ትምህርት ቤት ሰደድኋት።

«ትንሽ ናት» ብለኸኝ ነበር። ሳሏን።

ገና አልመጡም።

አንድ ሰዓት ከሩብ። ማክሰኞ መሆኑ አሁን ገና ታወሰኝ። ከላይ ራሴ ጽፌዋለሁ፣ ማክሰኞ ብዬ፤ እጄ ጻፈው እንጂ እኔ አላወቅሁም። ሴቶቹ ደርሰዋል። አዲሱ ሰዓት ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ በመጡ ቁጥር እኔ ነበርሁ የማቆያቸው። ዘበኛው ከፍቶላቸው ይሆናል። መስኮቱን ማን ይከፍታል።

ልሄድ ተነሳሁ። መንገድ ላይ ሽማግሌዎቹን ባገኛቸውስ? መርዶ መንገድ ላይ አይሰማም። ተቀመጥሁ።

ስልኩን ሰክቼ ወደ መዋኛው ልደውል ብዬ ሽቦውን ያዝሁ። ከሰካሁት ግን አንተ ትደውላለህ። ሽቦው እጄ ላይ ነው። በአንድ እጄ ነው የምጽፍልህ።

ሁለት ሰዓት። ምንም የሆነ ነገር የለም ይሆናል። ሽታ ነው፤ ሽታ ያልፋል።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። ደረጃው ላይ እግር ሰማሁ። ከአንድ ሰው በላይ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚወጡት። የሽባባው ሳል ነው። ልክፈትላቸው።

አፉላ፣ መጋቢት 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

የየካቲት ሃያ አራቱ ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ስለ እማዬ አንድ ቃል የለበትም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት። ከዚያ ደጋግሜ አነበብሁት፤ ምን ልትነግረኝ ደውለህ እንደነበር ገባኝ። ስለ እማዬ አልነበረም።

ያን ዕለት በሩን ስከፍት ሽባባውና ሚስቱ ሐረግ ቆመዋል፤ ሐረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከመናገራቸው በፊት ወለሉ ላይ ወደቅሁ። እማዬ እያልሁ አለቀስሁ። እነሱም አብረውኝ አለቀሱ፤ የሰማሁ መስሏቸዋል። ኋላ ሽባባው ክንዴን ይዞ ማን ነገረሽ አለኝ። ማንም፣ ራሴ አወቅሁ አልሁት።

«አይዞሽ» አለች ሐረግ፣ «ሁሉም በሕይወት አሉ እኮ። ሆስፒታል ናቸው።»

«ሁሉም እነማን?»

ተያዩ። እንዲህ ነው የሰማሁት።

የሆነውን አላየሁም፤ የምጽፍልህ የነገሩኝን ነው። ዘበኛው በሰዓቱ ከፈተላቸው። መጫኛውን የሚይዝላቸው ሰው ስላልነበረ እንደነገሩ ረጥበው ገቡ። ፓምፑ ተነሳ፤ ያ አረፋ ወጣ። ሬዲዮው በየቀኑ የሚያወራው ስለ ጦርነት ነበርና የተጀመረ መሰላቸው፤ ሳይረኑ ለምን አልጮኸም ይባባሉ ነበር አሉኝ። አንዷ ጭንብሌን ቤት ረስቼ እያለች ታለቅስ ነበር። ከአሥራ አንዱ ሰባቱን ሆስፒታል ወሰዷቸው። ስድስቱ በሳምንት ውስጥ ወጡ። የቀሩት እማማ ሰንበቱ ናቸው። እሳቸው ከጥልቁ በኩል ነበሩ፤ ደፍረው ወደዚያ መሄድ ከጀመሩ አንድ ወር አልሞላቸውም ነበር።

ጦርነቱ ባለፈው ሳምንት እውነትም ጀመረ። እዚህ የወደቀ ነገር የለም። ሰው ሁሉ የጭንብል ካርቶኑን በትከሻው አንግቶ ይሄዳል፤ እኔም አንግቼ ነው በየቀኑ ወደ ሆስፒታል የምሄደው። እማማ ሰንበቱ ኦክስጂን አፋቸው ላይ ነው። አወለቁና ሳብ አድርገው ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ልጄ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ሳልታጠብ ገባሁ።»

የኦክስጂኑን ጭንብል መልሼ አፋቸው ላይ አደረግሁላቸው።

ከኮሌጁ አንድ ሰው መዝገብ ይዞ ጠይቆኛል፤ ከዚያ በፊት ያየሽው ነገር ነበር ወይ ብሎ። ሮተም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ ጥፍሯን ሥጋው እስኪታይ ነክሳዋለች። ሁሉም በሴዴር ነበር አልሁት። እሱ ጻፈ። ሮተም ቀና ብላ አየችኝ። መስኮቶቹን ያወቀችብኝ መሰለኝ።

መዋኛው ተዘግቷል። ቁልፉ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። የሚጠይቀኝ የለም።

አቻምየለሽ

ጎንደር፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1995 ዓ.ም.

እታለም፣

ለምን አትደውልም እንዳትይኝ። ቴሌ ደጃፍ ድረስ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ቁጭ በይ ማለቴን ሳስብ እጄ እንቢ ይላል። ሰላምታ ባስቀድም ኖሮ ትሰሚኝ ነበር። ለአንድ ደቂቃ ብዬ ዘለልሁት።

የሻውን ነገር ሌላ ጊዜ ብዬሽ ነበር። ይኸውና። የክሎሪኑ ሲሊንደር ቫልቭ እንደሚያፈስ ጋዙ የሻውን ከመምታቱ ከአንድ ወር በፊት አውቅ ነበር። እርጥብ ጨርቅ እየጠመጠምሁ አቆየሁት። ብናገር ሥራው ይቆማል ብዬ። እኔ ባለሁበት ቀን ሁሉ ጨርቁ ነበረ። ለእህል ወፍጮ አንድ ቀን ፈቃድ ወሰድሁ፤ የሻው ተተካ። ስለ ጨርቁ አልነገርሁትም ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰላም ይለኛል። በራሱ ጥፋት የሆነ ነው የሚመስለው፤ ቸኩዬ ከፍቼው ነው እያለ ለሰው ያወራል። እኔ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ። እሱ ሦስት ደረጃ ወጥቶ ሲቆም እኔም እቆማለሁ፤ እየጠበቅሁት ይመስለዋል።

ለእማማ ሰንበቱ ንገሪያቸው። በደብዳቤ አይደለም፣ በሰው አይደለም፣ ራስሽ። እኔ እንደሆንሁት አትሁኚ። ይህን ለሌላ ሰው ጽፌ አላውቅም።

እማዬ ደህና ናት።

ይሄይስ

አፉላ፣ ግንቦት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ይዤ አራት ቀን ቆየሁ። መጀመሪያ ወደ ሮተም ሄድሁ፤ ከእማማ ሰንበቱ እሷ ትቀለኝ ነበር። አረፋውን፣ ሽታውን፣ ትንንሾቹ ፓምፖች እንዳልተኙ፣ መስኮቶቹን፣ ሁሉንም ነገርኋት። ሃዳስ ቃሉ ሲጠፋኝ እያቀበለችኝ። ልጄ ፊት መናገሬ ከሁሉ ከበደኝ። ሮተም ጠይቄሽ ነበር እኮ አለችኝ፤ ምን ይመስልሻል ብዬሽ ነበር። በሴዴር ያልሁት ለማሽኑ ሳይሆን ለእሷ መሆኑን ላስረዳት ሞከርሁ። የገባት አልመሰለኝም። ከዚያ እሷም ያላየችው ነገር እንዳለ ተናገረች፤ ሰዓቱን ስታስገጥም ስለ ትንንሾቹ ማንንም አልጠየቀችም። መዝገብ የያዘው ሰውዬ እንደገና መጣ፤ የፊቱን ቃሌን ሰርዞ አዲሱን ጻፈ። ከሥራ ያስወጡኝ እንደሆነ ገና አልነገሩኝም።

ቁጠባው አልቀረም፤ መቅረትም የለበትም። ትልቁ ፓምፕ ሌሊት አይተኛም፤ ቀስ ብሎ ይዞራል። ትንንሾቹ ከእሱ ጋር በአንድ ሽቦ ታስረዋል፣ ልክ አንተ እንዳልኸው። ጠዋት የምንሞላው ወረቀት ላይ ሮተም አንድ መስመር ጨምራለች፤ ዛሬ ምን ሸተተህ፣ ምን ሰማህ ይላል። ከሥሩ በአማርኛ እኔ እንድጽፈው አደረገች። ጻፍሁት። ፊደሉ አላማረም።

እማማ ሰንበቱ ከሆስፒታል ወጥተዋል። ድምፃቸው ቀንሷል፤ ሲያወሩ ጎንበስ ብለህ ነው የምትሰማው። ቤታቸው ሄድሁ። ጠዋት ነበር፤ በዚያ ሰዓት በሩን ስገፋ ደነገጡ፤ ማን ሞተ አሉኝ። ማንም አልሞተም አልኋቸው። ተቀመጥሁ። ውሃውን ያበላሹት እርስዎ አይደሉም፤ መታጠቡን ያመጣሁት ለማቆየት ነው፤ እንደሚሸት አውቅ ነበር አልኋቸው። ከዚያ ያንተን ስልክ ነገርኋቸው። ቁጭ በይ ማለትህን፣ ብቻሽን ነሽ ወይ ማለትህን፣ መዝጋቴን፣ ሽቦውን ይዤ መቀመጤን።

በመስኮቱ በኩል ወደ አውቶቡሱ መንገድ ያያሉ። ትንፋሻቸው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። የሚረግሙኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስልኩን እኔም እዘጋው ነበር» አሉኝ።

ስወጣ በሩ ድረስ በዓይናቸው ሸኙኝ። ማክሰኞ ይመጡ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም ውሃውን አላነሱም። አንቺን አምኜ ነው ያሉኝን ቃል መልሰው ይወስዱት እንደሆነ ጠብቄ ነበር፤ አልወሰዱትም፤ አልደገሙትምም።

መዋኛው ከነገ በስቲያ ይከፈታል። ወንበሩ ላይ ቆሜ መስኮቶቹን ሁሉ ሞክሬአቸዋለሁ፤ ይከፈታሉ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። እማዬ ደህና ናት ብለህ ጽፈሃል። አምስት ወር ሙሉ ይህንኑ ትጽፋለህ፤ እኔም ሁሉም በሴዴር ነው ስል ኖሬአለሁ። ስለዚህ አላመንሁህም። አትቆጣ። ይህ ደርሶህ ባነበብህበት ቀን፣ ሰኞም ይሁን ሐሙስ፣ እማዬን ደግፈህ ወደ ቴሌ ውሰዳት። መሄድ ካልቻለችም ብቻህን ሄደህ ደውልና እውነቱን ንገረኝ። ብቻሽን ነሽ ወይ ብለህ ጠይቀኝ። ብቻዬን ነኝ እልሃለሁ፤ አልዘጋም። ስልኩ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ ከዚያ ወዲህ አልነቀልሁትም። በጠራ ቁጥር አነሳዋለሁ።

ከመጣች ግን አንተ አትናገር። ስልኩን ለእሷ ስጣት። ምንም ባትል፣ ብታስል እንኳ፣ እሷን ልስማት።

እህትህ አቻምየለሽ